ዓይኑ ቢጫ እስኪሆን አይጠብቁ፦ ቫልፕሮኤት ለሚወስድ ሰው የጉበት መጠበቂያ መመሪያ

ሐሙስ በጅማ የሄርማታ ገበያ ቀን ነው። ከሰቃ፣ ከዴዶ፣ ከሰርቦ የመጣ ሰው ገበያውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊት መድኃኒት ቤት ጎራ ስለሚል ከቀትር በኋላ ከባንኮኒው ጀርባ ቀና ማለት አንችልም። በአንዱ ሐሙስ አንድ አባት የ5 ዓመት ልጁን ታቅፎ ገባና «እህቴ፣ ለዚህ ልጅ ምግብ የሚያስበላ ሽሮፕ ስጪኝ» አለኝ። ልጁ አንገቱን በአባቱ ትከሻ ላይ ጥሏል። ከንፈሩ ደርቋል፣ ፊቱ ነፋ ብሏል፤ የዓይኑ ነጭ ግን እንደ ወተት ንጹሕ ነው። ሌላ የሚወስደው መድኃኒት እንዳለ ስጠይቅ አባትየው ከኮቱ ኪስ በፌስታል የተጠቀለሉ ሁለት ዓይነት ክኒኖች አወጣ፤ ፌኖባርቢታልና ሶዲየም ቫልፕሮኤት፤ ሁለቱም የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ናቸው። ሁለተኛው ከተጀመረ 2 ወር ሆኖታል። «በሽታው ትቶት ነበር፤ ከሰኞ ወዲህ ግን ተመልሶ እየጣለው ነው» አለኝ።

ሽሮፑን አልሸጥኩለትም። «ወንድሜ፣ ይህ የምግብ ፍላጎት ጉዳይ አይደለም፤ አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት» ብዬ የመድኃኒቶቹን ስም በወረቀት ጻፍኩለት። ከእኔ በፊት ሌላ ቦታ ቪታሚን ተሰጥቶት 3 ቀን ባክኗል።

ይህን መመሪያ የምጽፈው እንደዚያ አባት ላሉ ቤተሰቦች ነው። ቫልፕሮኤት ጥሩ መድኃኒት ነው። በየቀኑ እየወደቀ ከቤት የማይወጣ የነበረ ልጅ ቦርሳ ይዞ ትምህርት ቤት ሲመላለስ በዓይኔ አይቻለሁ። ጉበትን ክፉኛ የሚጎዳው ከሚወስዱት መካከል በጣም ጥቂቱን ነው። ነገር ግን ጉዳቱ ሲመጣ ፈጥኖ ይመጣል። የመጀመሪያውን ምልክት የሚያየውም ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ወይም ላቦራቶሪው ሳይሆን አብሮ የሚበላውና የሚተኛው ቤተሰብ ነው።

በጉበት ሕዋስ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ለጅማ ሰው በአቮካዶ ማስረዳት ይቀለኛል። አቮካዶውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ጠረጴዛ ላይ ቢተዉት ቆይቶ ፊቱ ቡናማ ይሆናል። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን የፍሬውን ሥጋ እየለወጠው ነው። ሎሚ ጠብ ያደረጉበት ግማሽ ግን ቶሎ አይጠቁርም። እንዲህ ያለው የኦክስጅን ጥቃት በእያንዳንዱ የሰውነታችን ሕዋስ ውስጥም ሳያቋርጥ ይካሄዳል፤ ሕዋሱ ግን የራሱ የሆነ ሎሚ አለው፤ ግሉታታዮን ይባላል። ጤነኛ ጉበት ግሉታታዮንን ራሱ እየሠራ ያጠራቅማል። ጉዳት የሚደርሰው ወጪው ከገቢው ሲበልጥ ነው።

ቫልፕሮኤት ወጪውን በሁለት በኩል ያበዛዋል።

አንደኛው በምድጃው በኩል ነው። በሕዋሱ ውስጥ ስብን አንድዶ ጉልበት የሚያወጣ፣ ማይቶኮንድሪያ የሚባል ምድጃ አለ። ቫልፕሮኤት ራሱ የስብ አሲድ ወገን ነው። (በ1882 እ.ኤ.አ. ሲሠራ ዘይት መሰል ፈሳሽ ነበር፤ ለረጅም ዘመን ያገለገለውም ሌሎች ነገሮችን ለማሟሟት ብቻ ነው። በ1962 በፈረንሳይ ግሬኖብል ፒየር ኢማር የተባለ ተመራማሪ አዳዲስ ውሁዶችን በእርሱ አሟሙቶ ሲሞክር፣ የሚጥል በሽታን የሚከላከለው ማሟሚያው ራሱ መሆኑ ታወቀ።) የስብ ወገን ስለሆነም ከሚወሰደው መድኃኒት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ወደዚህ ምድጃ ይገባል። ሲገባ ደግሞ ስብን ወደ ምድጃው የሚያጓጉዘውን ካርኒቲንና ለማንደዱ ሥራ የሚያስፈልገውን ኮኤንዛይም ኤ ይሻማል። እርጥብ እንጨት የታጨቀበት ምድጃ ምን እንደሚሆን ማንም ያውቃል፤ ነበልባሉ ይደክማል፣ ጭሱ ቤቱን ይሞላል። ያልነደደው ስብ በሕዋሱ ውስጥ በጥቃቅን ጠብታ ይከማቻል። ጭሱ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ የሚያቃጥል፣ ያልረጋ ኦክስጅን ነው።

ሁለተኛው በጠባቡ መንገድ ነው። ከመድኃኒቱ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ጉዳት በሌለው መልክ ታስሮ በሽንት ይወጣል። ትንሹ ድርሻ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 በመቶ በታች የሚሆነው፣ በሌሎች የጉበት ኢንዛይሞች፣ ማለትም አንዱን ነገር ወደ ሌላ በሚለውጡ የሕዋስ ፕሮቲኖች፣ በኩል ያልፋል። ከዚህ መንገድ 4-ኢን-ቫልፕሮኤት የሚባል ውላጅ ይወጣል፤ እርሱም በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ይበልጥ ተናካሽ ወደሆነ ነገር ይለወጣል። ግሉታታዮን ይህን ተናካሽ ይዞ ያስወግደዋል፤ ይሁን እንጂ አንዱን በያዘ ቁጥር ራሱም አብሮት ይወጣል። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ይህን ጠባብ መንገድ ያሰፉታል። በሕፃናት ላይ ሁለት መድኃኒት ሲደራረብ የምንፈራው ስለዚህ ነው። በአሜሪካ ከ1978 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. የተመዘገቡ ሞቶች ሲቆጠሩ፣ ከ2 ዓመት በታች ሆነው ቫልፕሮኤትን ከሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጋር ከወሰዱት መካከል ከ500 አንዱ በጉበት ጉዳት ሞቷል። ቫልፕሮኤትን ብቻውን ለወሰዱት ቁጥሩ ከ37,000 አንድ ነበር። መድኃኒቱ ያው ነው፤ ዕድሜውና አብሮት የተሰጠው ነገር ግን ይህን ያህል ልዩነት አመጣ።

የግሉታታዮኑ ጎተራ ሲራቆት ያልረጋው ኦክስጅን ከስብ የተሠራውን የሕዋስ ግድግዳ ይበላል። ግድግዳው ሲቀደድ ውስጥ የነበሩ ኢንዛይሞች ወደ ደም ይፈሳሉ። በላቦራቶሪ ወረቀቱ ላይ ከፍ ብሎ የምናየው ቁጥር ይህ ፍሳሽ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሁሌም ስለምጠየቅ ነው። የአቮካዶውን ምሳሌ የሰማ ሰው ሎሚ በማር ቢጠጣ ጉበቱ የሚድን ይመስለዋል። አይድንም። በሎሚም፣ በነጭ ሽንኩርትም፣ በጥቁር አዝሙድም የጎደለውን ግሉታታዮን መተካት አይቻልም። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ግን ነፍስ ያተርፋሉ።

1. የመድኃኒቱን ስም ይወቁ፣ ይጻፉ

«የሚጥል በሽታ መድኃኒት» የሚባል አንድ መድኃኒት የለም። ፌኖባርቢታል ሌላ፣ ፌኒቶይን ሌላ፣ ካርባማዜፒን ሌላ፣ ቫልፕሮኤት ሌላ ነው፤ ጉበትን የሚነኩበት መንገድም ይለያያል። ለምሳሌ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ሲጎዱ ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት በትኩሳት፣ በሽፍታና በእጢ እብጠት ነው፤ ቫልፕሮኤት ሽፍታ ሳያሳይ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ከመድኃኒት ቤቱ ሳይወጡ ስሙን ያንብቡ ወይም ያስነብቡ። ሶዲየም ቫልፕሮኤት፣ ቫልፕሮይክ አሲድ ወይም ዴፓኪን ቢባልም የምናወራው ስለ አንድ መድኃኒት ነው። ሁለት የተለያየ ስም ያለው ማሸጊያ ይዘው ሁለቱንም ሲያስውጡ ያገኘኋቸው ሰዎች አሉ።

አንድ የተማሪ ደብተር ይግዙ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ መድኃኒቱ የተጀመረበትን ቀን፣ የታዘዘውን መጠን፣ የታማሚውን ክብደትና አብረው የሚወሰዱትን ሌሎች መድኃኒቶች ይጻፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ 6 ወር ቆጥረው የሚያበቃበትን ቀን ያስምሩበት፤ ከባዱ የጉበት ጉዳት ብዙውን ጊዜ የሚከሰተው በእነዚህ ወራት ነው።

ልጁን ቀን ቀን የሚጠብቁት አያቱ ከሆኑና አማርኛ የማይሰሙ ከሆነ መመሪያውን በአፋን ኦሮሞ ያስረዱዋቸው። «ቲሩ» ሲባል ጉበት መሆኑን ያውቃሉ፤ የጎደላቸው ምን ምን እንደሚጠብቁ የሚነግራቸው ሰው ነው።

2. የመጀመሪያው ክኒን ከመዋጡ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ

ሐኪሙ ሳይጠይቅዎ ቢቀር እንኳ እርስዎ ይናገሩ። ልጁ 2 ዓመት አልሞላውም? በቤተሰቡ ውስጥ ምክንያቱ ሳይታወቅ በጉበት ሕመም ወይም በማያቋርጥ መንቀጥቀጥ የሞተ ሕፃን አለ? ልጁ ከእኩዮቹ በእድገት ወደኋላ ቀርቷል? ከማይቶኮንድሪያ ጉድለት ጋር የተወለዱ ልጆች አሉ፤ ከእነዚህም ፖልጂ የሚባለው ዘረ መል የተበላሸባቸው ለቫልፕሮኤት በጣም ተጋላጭ ናቸው። ምድጃቸው ከመጀመሪያውም ደካማ ነውና። የዘረ መል ምርመራ በቅርብ ላይገኝ ይችላል፤ የቤተሰብ ታሪክ ግን ያለ ምንም ገንዘብ ይገኛል።

አዋቂ ከሆነ የጉበት በሽታ፣ በተለይ ሄፓታይተስ ቢ፣ ተገኝቶበት ያውቅ እንደሆነ ይናገሩ። ተመርምሮ የማያውቅ ከሆነ ለመመርመር ይህ ጥሩ ጊዜ ነው።

ለሴቶችና ለልጃገረዶች ከጉበት የሚቀድም ጉዳይ አለ። ቫልፕሮኤት በእርግዝና ጊዜ ፅንስን ይጎዳል፤ ከወሰዱ እናቶች ከሚወለዱ 10 ልጆች አንዱ ያህል ከባድ የአካል ጉድለት ይዞ ይወለዳል፣ ከ10 ከ3 እስከ 4 የሚሆኑት ደግሞ የአእምሮ እድገት ችግር ይገጥማቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መውለድ ለሚችሉ ሴቶችና ልጃገረዶች እንዳይታዘዝ መክሯል። እየወሰዱ ያሉ ካሉ በራሳቸው አያቋርጡ፤ ለመቀየር በዚህ ሳምንት ሐኪማቸውን ያነጋግሩ።

3. መነሻ ምርመራውን አሠርተው ወረቀቱን ያስቀምጡ

መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የጉበት ምርመራ መሠራት አለበት፤ በኋላ የሚመጣው ቁጥር የሚመዘነው ከዚህ ጋር ነውና። በእኛ አካባቢ ላቦራቶሪዎች ወረቀቱ ላይ ኤ.ኤል.ቲ እና ኤ.ኤስ.ቲ ብለው ይጽፋሉ፤ በቀድሞው አጠራር ኤስ.ጂ.ፒ.ቲ እና ኤስ.ጂ.ኦ.ቲ የሚሉም አሉ። ከግድግዳው ቀዳዳ የሚፈስሱት እነዚህ ናቸው። ጤነኛው ልክ እንደ ላቦራቶሪው ቢለያይም 40 አካባቢ ላይ ያበቃል፤ ትክክለኛውን ገደብ ከቁጥሩ ጎን ያገኙታል።

ከተጀመረ በኋላ በሐኪሙ ቀጠሮ መሠረት፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት፣ ምርመራው ይደጋገማል። ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢመጣ አይደንግጡ። ቫልፕሮኤት በሚወስዱ ብዙ ሰዎች ላይ መጠነኛ ጭማሪ ይታያል፤ መጠኑ ሲቀነስ ወይም ሳይነካም ይመለሳል። ቁጥሩ ከገደቡ 3 እጥፍ ካለፈ፣ ወይም ደም የሚረጋበት ጊዜ ከረዘመ፣ ወይም ቢሊሩቢን (ሲበዛ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ቀለም) ከጨመረ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሐኪሙ ዘንድ ይቅረቡ። የደም መርጋት ምርመራው ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ኢንዛይሞቹ ምን ያህል ሕዋስ እንደተቀደደ ይነግሩናል፤ የደም መርጊያው ደግሞ የቀረው ጉበት ሥራውን መሥራት መቻል አለመቻሉን ያሳያል።

ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ሰውየው ከታመመ የሚያምኑት ሰውየውን ነው። ምርመራው ትናንት ደህና ነበር ማለት ዛሬ ደህና ነው ማለት አይደለም። በተጨማሪም ቫልፕሮኤት የጉበት ኢንዛይሞች ሳይጨምሩ በደም ውስጥ ያለውን አሞኒያ (ጉበት ሊያስወግደው የሚገባ ቆሻሻ) ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ይህም ሰውን ያፈዝዛል፣ ያስታውካል፣ ያደናግራል። የታዘዘው የኢንዛይም ምርመራ ብቻ ከሆነ አሞኒያው አይታይም።

4. አወሳሰድና አቀማመጥ

ጠዋት 2 ሰዓት እና ማታ 2 ሰዓት የታዘዘ ከሆነ በዚያው ሰዓት፣ ከምግብ ጋር ይስጡ። ሽፋን ያለው ክኒን አይፈጭም፣ አይሰበርም። ሽሮፕ ከሆነ በመርፌ መሰል መለኪያው ይለኩ፤ የቤት ማንኪያ ከቤት ቤት ይለያያል። በ5 ሚሊ ሊትር 200 ሚሊግራም የያዘ ሽሮፕ አለ፣ 250 የያዘም አለ፤ ጠርሙሱ ሲቀየር ጽሑፉን እንደገና ያንብቡ።

ሶዲየም ቫልፕሮኤት እርጥበት ይስባል፤ የጅማ አየር ደግሞ ብዙውን የዓመት ክፍል እርጥብ ነው። ክኒኖቹን አስቀድመው ከማሸጊያቸው ፈልፍለው በብልቃጥ አያጠራቅሙ፤ በሚዋጥበት ሰዓት ብቻ አንድ በአንድ ያውጡ። ክረምት ላይ ረጥቦ የላሸ ክኒን ካገኙ ለታማሚው አይስጡት። መድኃኒቱ ሊያልቅ 2 ሳምንት ሲቀረው መፈለግ ይጀምሩ።

5. በየቀኑ ይህን ይመልከቱ

የመመሪያዬ ልብ ይህ ነው። ብዙ ሰው የጉበት ጉዳት ሲባል የሚጠብቀው ቢጫ ዓይንን ነው፤ የወፍ በሽታ የምንለውን። በቫልፕሮኤት ጉዳት ቢጫነት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፤ ያ እስኪታይ ድረስ ጎተራው ባዶ ሆኗል።

ቀድመው የሚመጡት ጥቃቅን፣ ተራ የሚመስሉ ለውጦች ናቸው። ምግብ መጥላት። በተለይ ትናንት የሚወደውን ዛሬ መግፋት፤ ጭኮ ሲያይ ይሮጥ የነበረ ልጅ አፉን ሲያዞር ያስተውሉ። ደጋግሞ ማስታወክ። ያለ ሥራ መድከም፣ እንቅልፍ መብዛት፣ ሲጠሩት ዘግይቶ መመለስ። የፊት፣ በተለይ የዓይን አካባቢ ማበጥ። የሆድ ሕመም፤ ሕመሙ ብርቱ ሆኖ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ከሆነ ቆሽትም ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል የበለጠ ይፍጠኑ። የአፍንጫ ወይም የድድ መድማት፣ ሳይመታ የሚበልዝ ቆዳ። እንደ ወፍራም ሻይ የጠቆረ ሽንት።

ከእነዚህ ሁሉ የበለጠ የሚያሳስተው ግን አንድ አለ፤ ትቶት የነበረው መውደቅ ተመልሶ መምጣቱ። ቤተሰቡ «መድኃኒቱ አንሶታል» ብሎ ክኒን ይጨምራል። የመውደቁ መመለስ የጉበት መዳከም ምልክት በሆነበት ሰዓት መጠኑን መጨመር በእርጥቡ እንጨት ላይ እርጥብ እንጨት መጨመር ነው። በመግቢያዬ ያነሳሁት ልጅ አባትም አንድ ግማሽ ክኒን ጨምሮለት ነበር። በፍቅር ያደረገው ስለሆነ ልወቅሰው አልችልም፤ ማንም አልነገረውም።

ፌኖባርቢታል አብሮ የሚወስድ ሰው ቢያፈዝዘው ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል። ቫልፕሮኤት የፌኖባርቢታልን ከሰውነት መውጣት ስለሚያዘገየው ፌኖባርቢታሉ ራሱ በዝቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ጉበቱ ደክሟል። ቤት ውስጥ መለየት አይቻልም፤ ምክንያቱ የትኛውም ቢሆን ወደ ሐኪም ይሂዱ።

የዓይኑን ነጭ ሲመለከቱ በአምፖል ብርሃን አይመልከቱ። ጠዋት በር ላይ አውጥተው ወደ ታች እያየ የላይኛውን የዓይን ቆብ ከፍ አድርገው ይዩ። ደብተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ መስመር በቂ ነው፦ በላ ወይም አልበላም፣ አስታወከ ወይም አላስታወከም፣ ወደቀ ወይም አልወደቀም፣ ተጫወተ ወይም ተኛ። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ «ሰሞኑን ደክሞታል» ከማለት «ከማክሰኞ ጀምሮ 5 ጊዜ አስታውኳል፣ 2 ጊዜ ወድቋል» ማለት ምን ያህል እንደሚያፋጥን አይተው ያውቁታል።

6. ምልክት ካዩ

በዚያው ቀን ይሂዱ። ማስታወክና መፍዘዝ አብረው ከመጡ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። ከሰቃ ወይም ከአጋሮ የሚመጣ ሰው በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ጀምሮ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሪፈር ሊጻፍለት ይችላል፤ ዋናው ነገር ለነገ አለማለት ነው።

መድኃኒቱን በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ፤ ድንገት ሲቋረጥ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ይችላል፤ እርሱም ገዳይ ነው። በራስዎ ውሳኔ መቀጠልም የለብዎትም፤ ጉዳቱ ከተጀመረ እያንዳንዱ ክኒን ይጨምርበታል። ሁለቱን ፍርሃት የሚያስታርቀው ፍጥነት ብቻ ነው። ሐኪሙ ቫልፕሮኤቱን አቁሞ በሌላ ይተካዋል፤ ያን ማድረግ የሚችለው ታማሚው ፊቱ ሲቀርብ ነው።

ይዘው የሚሄዱት፦ ደብተሩ፣ የመጀመሪያው የምርመራ ወረቀት፣ የሚወሰዱት መድኃኒቶች በሙሉ ከነማሸጊያቸው። የባህል መድኃኒት ወስዶ ከሆነ ቅጠሉን ወይም ዱቄቱን ጭምር ይያዙ፤ አይፈሩ፣ አይደብቁ። በር ላይ ሲደርሱ «ልጄ ታሟል» ብቻ አይበሉ። «ቫልፕሮኤት ይወስዳል፣ ከጀመረ 2 ወር ሆነው፣ ያስታውከዋል፣ ይፈዝዛል፣ ጉበቱን እዩልን» ይበሉ። የጉበት ኢንዛይም፣ ቢሊሩቢን፣ የደም መርጋት፣ የደም ስኳር እና የሚሠራ ከሆነ አሞኒያ እንዲታይ ይጠይቁ። ካርኒቲን በደም ሥር ቀደም ብሎ ሲሰጥ የመትረፍ ዕድልን ይጨምራል፤ ለዚህም ነው ሰዓቱ ዋጋ ያለው።

የወፍ በሽታ ነው ብለው ለቅጠል የሚወስዱ ጎረቤቶች ይኖራሉ። ክፋት የላቸውም። ነገር ግን ሕዋሱ ግሉታታዮን ባለቀበት ሰዓት ምንነቱ የማይታወቅ ቅጠል መጨመር የመጨረሻውን ጭላንጭል ሊያጠፋው ይችላል። ጸበልም ዱዓም ይደረግ፤ ከሆስፒታሉ አልጋ ጎን ሆኖ።

ያ ልጅ የጉበት ኢንዛይሞቹ ከፍ ብለው፣ ደሙ ለመርጋት ዘግይቶ ተገኘ። ቫልፕሮኤቱ ቆመ፣ ሌላ መድኃኒት ተተካለት፣ ተኝቶ ታከመ። ከወር በላይ ቆይቶ በአንዱ ሐሙስ በእግሩ እየሄደ ገባና ባንኮኒው ላይ ያለውን የሚዛን ሰሃን ሲነካካ አባቱ ተቆጣው። እንዲነካካ ተዉት አልኩ።

7. በጉበቱ ላይ ሸክም አይጨምሩ

ፓራሲታሞልን ብዙ ሰው እንደ ከረሜላ ነው የሚያየው። ፓራሲታሞል በጉበት ውስጥ ሲፈጭ የሚወጣውን መርዛማ ውላጅ የሚይዘው ያው ግሉታታዮን ነው። አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ባለ 500 ሚሊግራሙን ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ የከሳ፣ ሰሞኑን ያልበላ ወይም ፌኖባርቢታልና ፌኒቶይን የሚወስድ ሰው ከዚያም ያነሰ ያስፈልገዋል፤ ልኩን ይጠይቁ። የጉንፋን ክኒኖች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ ሁለቱን አይደራርቡ። አስፒሪን ደግሞ ቫልፕሮኤትን በደም ውስጥ ከታሰረበት ፕሮቲን ስለሚያላቅቀው ለልጆች ፈጽሞ አይሰጥ።

የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የጀመረ ሰው ለሁለቱም ክፍሎች ይናገር፤ አይሶኒያዚድ ራሱ ጉበትን ይጎዳል። ሆስፒታል ተኝቶ ሜሮፔነም የሚባል መርፌ የታዘዘለት ሰው ቫልፕሮኤት እንደሚወስድ ያሳውቅ፤ የቫልፕሮኤቱ መጠን በደም ውስጥ ክፉኛ ይወርድና መውደቁ ይመለሳል።

ጫትን በተመለከተ በግልጽ መናገር አለብኝ፤ ከተማችን ናትና። በርጫው እንቅልፍ ይነሳል፣ ምግብ ያስረሳል፤ እንቅልፍ ማጣት ብቻውን ሰውን ይጥላል። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ መቃም ከጉበት ጉዳት ጋር መያያዙም ታውቋል። ከበርጫ በኋላ የሚከተለው አረቄ ደግሞ ሦስተኛ ሸክም ነው። ቫልፕሮኤት የሚወስድ ወጣት ጓደኞቹ ካሉበት መቅረት ቢከብደውም ከቤተሰቡ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያናግረው፤ ቁጣ ግን አይሠራም።

ስለ ጾም። ሰውነት ምግብ ሲያጣ ስብ ያነዳል፤ የስቡ ምድጃ ደግሞ በቫልፕሮኤት ተጨናንቋል። በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያነጋግሩ፤ የሰዓቱን ለውጥም እርሱ ይወስን። ሼኩም የንስሐ አባቱም ሕመምተኛን እንደማያስገድዱ አውቃለሁ። በትኩሳት ወይም በተቅማጥ ምክንያት ሙሉ ቀን ምግብ ያልቀመሰ ልጅም በዚሁ ምክንያት ያሰጋል፤ ተራ ተቅማጥ ነው ብለው ቤት አያስተኙት።

8. ጉዳት ከደረሰ ይመዝገብ

መድኃኒቱ ጉበት እንደጎዳ ከታወቀ ያከመው ባለሙያ ወይም እኛ ፋርማሲስቶች ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሪፖርት የምናደርግበት ቢጫ ቅጽ አለ። ቅጹ እንዲሞላ ይጠይቁ፤ ባለሥልጣኑ ነፃ የስልክ መስመር 8482ም አለው። ከማሸጊያው ላይ የምርት መለያ ቁጥሩን ስለምንገለብጥ ባዶውን ማሸጊያ አይጣሉ። በታማሚው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይም በቀይ እስክሪብቶ «ቫልፕሮኤት ጉበቱን ጎድቶታል፤ ዳግመኛ አይሰጠው» ብለው ይጻፉ፤ ዓመታት አልፈው ልጁ ለትምህርት አዲስ አበባ ቢሄድ እዚያ የሚያየው ሐኪም የሚያነበው ይህንን መስመር ነው።